ድሬዳዋም የራሷ የጃዝ ምሽት ይኑራት

በምሥራቅ ኢትዮጵያ የሚኖር የጃዝ አፍቃሪ ሙዚቃውን የሚያገኘው በአብዛኛው በስልኩ ነው። በአካል ተገኝቶ ልስማ ካለ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ፣ ማደሪያ መያዝ፣ የመግቢያ ዋጋ መክፈልና በማግስቱ ወደ ሥራው ለመመለስ መጣደፍ ይኖርበታል። ይህን መንገድ ደስ ብሎኝ ስመላለስበት ዓመታት አልፈዋል፤ አቅሜ እስከፈቀደም አልተወውም። ይሁን እንጂ ሙዚቃው ራሱ ወደ አድማጩ የሚመጣበት ጊዜ ደርሷል ብዬ አምናለሁ። ድሬዳዋም ሆነች ሐረር፣ ስፖንሰር በተገኘበት ዓመት ተደግሶ በሚቀጥለው የሚቀር ታላቅ ፌስቲቫል ከመጠበቃቸው በፊት፣ በየወሩ ሳይታጎል የሚካሄድ አንድ አነስተኛ የጃዝ ምሽት ያስፈልጋቸዋል፤ ይህ ምሽት እንዲቆም ደግሞ ከባለሀብቱም ከመንግሥት መሥሪያ ቤቱም በፊት የሚፈለገው አድማጩ ነው።

ሐሳቡን ለወዳጆቼ ባነሣሁ ቁጥር የሚገጥመኝ መልስ ተመሳሳይ ነው። ጃዝ የአዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎችና የውጭ ዜጎች ሙዚቃ ነው፣ የድሬ ሰው የሚፈልገው የሚጨፍርበትን ነው፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚሰማ ሕዝብ እዚህ የለም ይሉኛል። በዚህ ጉዳይ አልስማማም፤ ምክንያቴን ለማስረዳት ግን አስቀድሜ ጃዝ በአካል ሲሰማ ምን እንደሚሆን መናገር አለብኝ።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1956 የታላቁ የጃዝ አቀናባሪና ፒያኒስት የዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራ አሜሪካ ውስጥ በሚካሄደው የኒውፖርት የጃዝ ፌስቲቫል ላይ ቀርቦ ነበር። ሌሊቱ ገፍቶ፣ ሰዉም ወደየቤቱ መሄድ ጀምሮ ሳለ፣ ፖል ጎንዛልቬስ የተባለው የቴነር ሳክስፎን ተጫዋች በአንድ ድርሰት ሁለት ክፍሎች መካከል ሶሎውን፣ ማለትም እሱ ጎልቶ የሚጫወትበትን ክፍል፣ ጀመረ። አንዲት ሴት ከመቀመጫዋ ተነሥታ መደነስ ስትጀምር የተቀመጠው ሕዝብ ተነሣ፣ ሊወጣ የነበረውም ተመለሰ፤ ከመድረኩ ሥር የነበረው አንጋፋው ድራመር ጆ ጆንስ በተጠቀለለ ጋዜጣ ምቱን እየመታ ያበረታታቸው ጀመር። ጎንዛልቬስ አሥራ ሁለት ባር ያለውን የብሉዝ ዙር 27 ጊዜ ደጋግሞ፣ በየዙሩም አዲስ ነገር እየጨመረ ተጫወተው። ወቅቱ የትልልቅ ኦርኬስትራዎች ገበያ የቀዘቀዘበት፣ የኤሊንግተንም ስም እየደበዘዘ የሄደበት ነበር፤ ከዚያች ሌሊት በኋላ ግን ዝናው እንደገና አንሰራራ። ያን ያህል ዙር አስቀድሞ በወረቀት ላይ አልተጻፈም። ተጫዋቹን ወደፊት የገፋው ከፊቱ የነበረው ሕዝብ ነው።

ተቃራኒውንም ማንሣት ይገባል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 25 ቀን 1961 ፒያኒስቱ ቢል ኢቫንስ ከቤዝ ተጫዋቹ ስኮት ላፋሮና ከድራመሩ ፖል ሞሽን ጋር ኒውዮርክ በሚገኘው ቪሌጅ ቫንጋርድ የጃዝ ክለብ የተጫወቱት ሲቀዳ፣ የብርጭቆ ግጭትና የታዳሚው ወሬም አብሮ ተቀድቷል። ላፋሮ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው በመኪና አደጋ ሞተ። ያንን ቅጂ በሰማሁ ቁጥር ከቤዙ ድምፅ ኋላ የሚያወሩትን ሰዎች አስባቸዋለሁ። በመሬት ሥር ባለች ትንሽ ክፍል፣ ከሙዚቀኞቹ በጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ያን ጊዜ ከጆሯቸው ያመለጠው ነገር በየትኛውም ማጫወቻ ተመልሶ አይመጣላቸውም።

ከአገራችን ደግሞ ራሴ የነበርኩበትን አንድ ምሽት ልጥቀስ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ጠባብ አዳራሽ ባንዱ በባቲ ቅኝት የተሠራ ዜማ እየተጫወተ ሳለ መብራት ጠፋ። ኪቦርዱና ቤዝ ጊታሩ ወዲያው ዝም አሉ፤ ሳክስፎኑና ድራሙ ግን መብራት አይፈልጉምና ቀጠሉ። ድራመሩ ዱላውን አስቀምጦ በእጁ መምታት ጀመረ፤ ሳክስፎኒስቱ ከማይክራፎኑ ፊት ወጥቶ ወደ ጠረጴዛዎቹ መካከል ተጠጋ፤ ከኋላ በኩል አንድ ሰው የችክችካን ምት በጭብጨባ ያዘ፣ ሌላውም ተከተለው። ኪቦርዲስቱ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም፤ ዜማውን በአፉ እያንጎራጎረ ለሳክስፎኑ ይመልስለት ነበር። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ በነበሩት ደቂቃዎች ውስጥ የሰማሁት ባቲ፣ ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ከሰማሁት ባቲ ሁሉ የተለየ ነበር፤ ሳክስፎኒስቱ የትንፋሹን መቆራረጥ ሳይቀር የዜማው አካል አድርጎት ነበርና። መብራቱ መጥቶ ቤዙ ሲገባ ከሕዝቡ የወጣው ጩኸት፣ ሙዚቀኞቹ እርስ በርስ ተያይተው የሳቁት ሳቅ፣ ይህ ሁሉ በዚያች ክፍል ውስጥ ተሠርቶ እዚያው የቀረ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር አንዴ የቀመሰ ሰው ለምን እንደሚመላለስ መጠየቅ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ክርክሩ ልመለስ። ጃዝ ለእኛ የውጭ ነው የሚለው አባባል የራሳችንን ታሪክ ይዘነጋል። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች የነሐስ መሣሪያዎችን ከሙዚቃ አስተማሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ይዘው ገቡ፤ በኋላም የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎች በዚሁ መንገድ ላይ አደጉ። ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ በእንግሊዝና በአሜሪካ ሙዚቃ ተምሮ፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ከጃዝ የድምፅ ስምምነት (ሃርሞኒ) ጋር አዋህዶ ኢትዮ ጃዝ የምንለውን መሠረተ። ጌታቸው መኩሪያ የአባቶቹን ሽለላ በሳክስፎን ሲያስተጋባ ከማንም የተዋሰው አልነበረም። ያው የኒውፖርቱ ኤሊንግተንም በ1966 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከኦርኬስትራው ጋር አዲስ አበባ መጥቶ ተጫውቷል፤ ሙላቱም በዚያ ጊዜ አብሮት ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው የደርግ ዘመንና የሰዓት እላፊው ነው። ብዙ ጊዜ ስለ ሰዓት እላፊው ስናወራ የተዘጉትን ቤቶችና የተሰደዱትን ሙዚቀኞች እናነሣለን፤ ትክክልም ነው። ለእኔ ግን ከዚያ የማያንሰው ጉዳት የአድማጩ ልማድ መቋረጡ ነው። ምሽት ወጥቶ፣ ከፍሎ ገብቶ፣ የማያውቀውን ዜማ እስከ መጨረሻው ታግሦ የሚሰማ ትውልድ ተተኪ ሳያፈራ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ መታተም የጀመረው የኢትዮፒክስ ተከታታይ ቅጂ የድሮ ሥራዎቻችንን ለዓለም ሲያሰማ፣ ሙዚቀኞቻችን በአውሮፓ መድረኮች ላይ የሞላ አዳራሽ ማግኘት ጀመሩ። በአገር ቤት ደግሞ ያሉን ቤቶች ጥቂት ስለሆኑ የአንዱ መጥፋት ብዙ ያጎድላል። በ2007 ዓ.ም. ጥር ላይ ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል እዚያው የነበረው የጃዝ ክለብ ጃዛምባም አብሮ ነደደ፤ ካዛንችስ የነበረው የሙዚቃና የባህል ቤት ፈንዲቃም ሰፈሩ ሲፈርስ ከቆየበት ቦታ ተነሣ። ሁሉንም ነገር በአንድ ከተማ ውስጥ ማከማቸት ለሙዚቃው የሚጠቅም አይደለም።

ድሬዳዋ ለዚህ ምን አላት? እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ ብቻ ሳይሆን ዜማውም የሚወርደው እዚሁ ነበር። የኦሮሞ፣ የሶማሌ፣ የሐረሪ፣ የአማራ፣ የአረብና የሌሎችም ጆሮ በአንድ ሰፈር ውስጥ አብሮ አድጓል። በ1950ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመውን የአፈረን ቀሎ ባንድ ያፈራችው ይህችው ከተማ ናት። እዚሁ ተወልዶ፣ በዚያ ባንድ ውስጥ ገና በለጋ ዕድሜው መዝፈን የጀመረው አሊ ቢራ ኡድ የተባለውን የአረብ ባለ ክር መሣሪያ የሚጫወት፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪና በሶማሊኛም የዘፈነ ሰው ነበር። ወጣቶቹ በሠርግ ቤት እየተጫወቱ ያሳደጉት ያ ሙዚቃ የአንድ መድረክ ሳይሆን የብዙ ምሽቶች ፍሬ ነው፤ እኔም ስለ ወርኃዊው ምሽት አጥብቄ የምናገረው በዚህ ምክንያት ነው።

ዝም ብሎ የሚሰማ ሕዝብ የለም ለሚሉኝ፣ እስኪ ሐረር ጀጎል ገብተው የዚክሪን ምሽት ያስታውሱ እላለሁ። ዚክሪ አምልኮ ነው፣ ከመድረክ ሙዚቃ ጋር ላወዳድረው አይገባኝም፤ ማለት የምፈልገው፣ የአካባቢያችን ሰው ለሰዓታት ተቀምጦ ድምፅን መከተል፣ ቦታው ሲደርስ መቀበልና ምትን በጋራ መጠበቅ ከልጅነቱ የሚያውቀው ነገር ነው። ጃዝም ከአድማጩ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። መጨፈርን በተመለከተ ደግሞ የኒውፖርቷ ሴት በቂ መልስ ትመስለኛለች። ጨዋታው ከገፋ ሰው ይነሣል፤ የሚከለክለው ሕግ የለም።

የድሬ የአኗኗር ሥርዓትም ለዚህ የተመቸ ነው። ከቀትር በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰዉም ከሙቀቱ ተጠልሎ ያርፋል፤ ፀሐይ ጠልቃ ነፋሱ ሲመጣ ደግሞ ከተማው በሙሉ ደጅ ይወጣል። በከዚራ ዛፎች ሥር ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ የሚንሸራሸረውን ሰው ያየ፣ አድማጭ ከየት ይመጣል ብሎ አይጨነቅም። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጣሪያ በሌለው ግቢ ውስጥ፣ መቶ ያህል ወንበር ይበቃል። መሣሪያዎቹ ግን ከሙቀቱ መጠበቅ አለባቸው፤ ከአየር ማቀዝቀዣ ክፍል ወጥቶ ወዲያው የተያዘ ሳክስፎን ቅኝቱ ይለወጣል፣ የመሲንቆ ጭራና የኡድ ጅማትም እንዲሁ። ስለዚህ ሙዚቀኞቹ አስቀድመው ወጥተው መሣሪያቸውን ከአየሩ ጋር እንዲያላምዱና ሳውንድ ቼኩን (የድምፅ ፍተሻውን) ሰው ሳይገባ እንዲጨርሱ ጊዜ ሊሰጣቸው ይገባል።

ይህን አጥብቄ የማነሣው በእኛው አካባቢ በተሰናዳ አንድ ዝግጅት ላይ ያየሁት ስላሳዘነኝ ነው። ከሩቅ የመጡ ጎበዝ ሙዚቀኞች ለሠርግና ለስብሰባ በተዘጋጀ የድምፅ መሣሪያ እንዲጫወቱ ተደረገ፤ ቤዙ ከጉርምርምታ በቀር አይሰማም፣ ሙዚቀኞቹም ወደ እነሱ የሚዞር ድምፅ ማጉያ (ሞኒተር) ስላልነበራቸው አንዱ የሌላውን ጨዋታ መስማት አይችልም ነበር። የመድረክ መሪው በየሶሎው መካከል እየገባ ስፖንሰሮችን ያመሰግን ነበር። ሰው ጥሎ ሲወጣ አዘጋጆቹ ሕዝቡ ጃዝ አይገባውም ብለው ደመደሙ። ሕዝቡ የወጣው ጃዝ ስላልገባው አይመስለኝም፤ በዚያ ምሽት ጃዝ ሊሰማ በሚችልበት ሁኔታ አልቀረበለትም።

አድማጩም የራሱ ድርሻ አለበት፤ በዚህ ጉዳይ እኛ አፍቃሪዎች ነን የምንለው ልንጠይቅና ልንጠየቅ ይገባል። ሙዚቀኛውን ስለምናውቀው በነጻ ለመግባት መሞከር፣ መግቢያ የሌለው ዝግጅት መጠበቅ፣ ከዚያም ሙዚቃው ሞተ ብሎ ማዘን አብረው አይሄዱም። በሰዓቱ መድረስ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ዜማ ባዶ ወንበር ላይ ሲወድቅ ባንዱ ሌሊቱን በሙሉ ይዳከማል። ስልክን ከፊት ገትሮ ሙሉ ሶሎ መቅረጽ የኋለኛውን ሰው ዓይን ከመጋረዱም በላይ ቀራጩን ራሱን ከቦታው ያርቀዋል። ደግሞም የቤዝ ሶሎ ሲመጣ ወሬ አንጀምር። ድምፁ ዝቅ ያለው ትንሽ ቀርቦ የሚሰማው ሰው እንዲያገኝ ነው፤ ቤዝ ተጫዋች ምሽቱን ሙሉ ሌሎቹን ሁሉ ተሸክሞ ቆይቶ ለራሱ የሚያገኛት ጊዜ ያቺ ብቻ ናት።

ፌስቲቫልን አልቃወምም። የኬፕታውን ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ፣ የስዊዘርላንዱ ሞንትሮ ከ1967 ጀምሮ ከተሞቻቸውን በዓለም አስጠርተዋል። ደቡብ አፍሪካውያኑ ያንን ፌስቲቫል ያቆሙት ግን በአፓርታይድ ዘመን ሳይቀር በየሰፈሩ ጃዝ ሲጫወትና ሲሰማ በኖረ ሕዝብ ላይ ነው። እኛ ደግሞ ከጣሪያው ለመጀመር እንቸኩላለን። ለአንድ ትልቅ መድረክ፣ ለባነርና ለእንግዶች አበል የሚወጣው ገንዘብ አራት ወይም አምስት ሰው ያለበትን ባንድ ለብዙ ወራት ከአዲስ አበባ ሊያመላልስ፣ ከእያንዳንዱ ምሽት በፊትም ከሰዓት በኋላ ለአካባቢው ወጣት ሙዚቀኞች ሥልጠና እንዲሰጥ ሊያደርግ ይችላል። በየምሽቱ ሁለተኛው ክፍል ላይ የድሬና የሐረር ተጫዋቾች ኡዳቸውንና ከበሯቸውን ይዘው ከእንግዳው ባንድ ጋር ቢወጡ፣ በአምስት ድምፅ የሚሄዱት የኦሮሞና የሶማሌ ዜማዎች ለሶሎ ምን ያህል እንደሚመቹ በአንድ ሰሞን ውስጥ ይታያል።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 የወሰነው ዓለም አቀፍ የጃዝ ቀን በየዓመቱ ሚያዝያ 22 ይከበራል። ለመጀመሪያው ምሽት ከዚህ የተሻለ ቀን አላገኘሁም፤ ሁለተኛው ምሽት ግንቦት 22 እንደሚሆን ግን በመጀመሪያው ምሽት መግቢያ ትኬት ላይ አብሮ መታተም አለበት። ግቢ ያለው ግቢውን፣ ጥሩ ድምፅ ማጉያ ያለው መሣሪያውን በተመጣጣኝ ኪራይ ያቅርብ። እኛ አፍቃሪዎች ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት መግቢያ አስቀድመን እንክፈል፤ አዘጋጁ ለባንዱ የጉዞ ቀብድ የሚሰጠው ከዚሁ ነውና።