በእህቶቹ ጠብ ውስጥ እኛም አለን

እንግሊዝ አገር አንድ ቴአትር ከከተማ ከተማ ዞሮ ነበር። ስለ ሚትፎርድ እህቶች ነው፤ የሎርድ ልጆች፣ በአንድ ቤት ያደጉ ስድስት ሴቶች። ፖለቲካ በተናቸው። ቴአትሩን ስላላየሁት አልፈርድበትም። ስለ እህቶቹ ግን ጅማ ያለን ሰዎችም የምንለው አለን።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ዳያና የእንግሊዝ ፋሺስቶችን መሪ ኦስዋልድ ሞዝሊን አገባች። ሠርጉ በ1936 በርሊን፣ በናዚው የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር በጎብልስ ቤት ተደረገ። ሂትለር እንግዳ ነበር። ዩኒቲ ሙኒክ ወርዳ ሂትለርን እግር በእግር ትከተል ነበር። በ1939 አገሯ በጀርመን ላይ ጦርነት ባወጀች ዕለት ራሷ ላይ ተኮሰች፤ ወዲያው አልሞተችም፤ በ1948 ነው ያረፈችው። ጄሲካ ደግሞ ኮሚኒስት ሆነች። በ1937 ከቤት ጠፍታ ከምትወደው ልጅ ጋር ወደ ስፔን ጦርነት ሄደች። ልጅ ሳሉ እሷና ዩኒቲ አንድ ክፍል ነበራቸው። ዩኒቲ ድርሻዋን በናዚ ምልክት በስዋስቲካ፣ ጄሲካ በኮሚኒስት ምልክት በማጭድና መዶሻ አስጌጡት ይባላል።

ሰዎች ስለነዚህ እህቶች ሲያወሩ ቀልዳቸውን፣ ውበታቸውንና ደብዳቤዎቻቸውን ያነሳሉ። ለኔ ይሄ አይበቃኝም። ያ ፖለቲካ የሳሎን ጭቅጭቅ ብቻ አልነበረም። የሰው ቤት ድረስ መጥቷል። የኛም ቤት ድረስ።

ጣሊያን በ1935 ሲወረን የሞዝሊ ፓርቲ ለንደን ላይ ዘመቻ ከፈተ። በጣሊያን ላይ ማዕቀብ አይጣል፣ እንግሊዝ የራሷን ጉዳይ ታስብ ብሎ ሰበከ። ሞዝሊ ከሙሶሊኒ ገንዘብ ይቀበል እንደነበር ኋላ በሰነድ ተረጋግጧል። የዳያና ሠርግ የተደገሰው አዲስ አበባ በተያዘች በአምስተኛው ወር ነው። ጄሲካ ወደ ስፔን በጠፋችበት ሰሞን ደግሞ እዚህ የካቲት 12 ደረሰ፤ የግራዚያኒ ሰዎች አዲስ አበባን በደም አጠቧት። ጅማ የደቡብ ምዕራቡ የጣሊያን ግዛት መቀመጫ ነበረች። የዚያ ዘመን ሕንፃዎች ዛሬም መሀል ከተማ ቆመዋል።

እርግጥ ነው፣ የጅማ ታሪክም ቀላል አይደለም። የአባ ጅፋር የልጅ ልጅ አባ ጆቢር በኃይለ ሥላሴ መንግሥት ታስረው ነበር። ጣሊያን ሲገባ ፈታቸውና ሱልጣን አላቸው። አንድ ቤተሰብ በፖለቲካ መሀል ሲያዝ ምን እንደሚመስል ከኛ በላይ ማን ያውቃል? ለዚህም ነው ጉዳዩን በደንብ እንየው የምለው።

በዚያው በእንግሊዝ ሌሎች እህቶችም ነበሩ። የፓንክረስት ልጆች ባላባት አይደሉም፤ ግን እነሱንም ፖለቲካ ለያይቷቸዋል። ክሪስታቤል የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ስትደግፍ ሲልቪያ ተቃወመች። ሲልቪያ በ1936 ለኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ ጀመረች። በ1960 አዲስ አበባ አርፋ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረች። ዳያና ሠርጓን በደገሰችበት ዓመት ሌላ እንግሊዛዊት ስለኛ ትጽፍ ነበር። ዘመኑ ነው እንጂ ምን ታድርግ የሚለው ሰበብ ለዚህ ነው የማይዋጥልኝ።

ከታሪኩ ሁሉ ለመድረክ የምመርጠው የናንሲን ነው። ናንሲ የሁሉ ታላቅና ደራሲ ናት። በ1940 እህቴ ዳያና አደገኛ ናት ብላ ለመንግሥት ተናገረች። ዳያና በ1943 እስክትፈታ ታሰረች። ዓመታት አልፈው ናንሲ ስትታመም ከጠያቂዎቿ አንዷ ዳያና ነበረች። የተናገረችባት ናንሲ መሆኗን ግን ዳያና አታውቅም። ያወቀችው ናንሲ ከሞተች በኋላ ነው። እስቲ ይህንን በአማርኛ፣ በኛ ተዋንያን አስቡት። አንዷ ሾርባ ታጎርሳለች፤ ሌላዋ ምስጢሯን እንደያዘች ትጎርሳለች።

ጄሲካ ግን ከዳያና ጋር እርቅ አላወረደችም። ባሏ ናዚን ሲዋጋ በ1941 ሞቷል። በናንሲ ሕመም ጊዜ ተገናኙ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። በኛ ባህል ይህ ይከብዳል። እህት እህቷን እንዴት ትዘጋለች እንላለን፤ ሽማግሌ እንልካለን። እኔ ግን ለጄሲካ አደላለሁ። ዳያና እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ ከሂትለር ጋር በመወዳጀቷ አልተጸጸተችም። ያልተጸጸተን ሰው ታረቂ ማለት የሞቱትን እርሺ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ታሪክ እኛም ቤት ሞልቷል። በኛ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. መሬት ላራሹ ብለው አደባባይ ከወጡት መሀል የባለ መሬት ልጆች ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. መሬት ሲወረስ የአባታቸው መሬት ሄደ። ቀጥሎ ኢሕአፓና መኢሶን መጣ። በአንድ ማዕድ የበሉ ልጆች ተፈራሩ፣ ተጠቋቆሙ። በጅማ የቡና አገር ባላባት ቤት ያደጉ ሁለት እህቶችን የሚያሳይ ቴአትር ማን ይጻፍልን? አንዷ ለዘመቻ ወጥታ ለገበሬ መሬት ታከፋፍል፤ አንዷ እናቷ ጋ ቀርታ የተወረሰውን ቤት ትይ። የቀይ ሽብሩም ዘመን ይምጣባቸው።

አደራ የምለው፣ ገበሬው ዝም ብሎ እያለፈ ቡና የሚያቀርብ አጃቢ አይሁን። የተገደለው ልጅ እናትም መድረክ ላይ ትናገር። እህቶቹ በመጨረሻ ቢተቃቀፉ እንኳ እሷ ባለችበት ይሁን።

ቴአትሩ ከጅማ ይጀምር፤ ከዚያ ወደ አጋሮ፣ ወደ በደሌ፣ ወደ አዲስ አበባ ይሂድ። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሠራ። ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ አለው። የዚያ ዘመን ወጣቶች ዛሬ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ብዙዎቹ ጠያቂ ካገኙ ይናገራሉ። ጸሐፊ የሆናችሁ ልጆች ቴፑን ይዛችሁ ከአክስቶቻችሁ ጀምሩ።