ማስተካከያ፦ የ1914ቱ ሞልትከ ሌላ ሰው ነው

ስለ ፕሩሲያው (የቀድሞ የጀርመን መንግሥት) ፊልድ ማርሻል ሄልሙት ፎን ሞልትከ ቀደም ሲል ባወጣነው ጽሑፍ ሦስት ስህተቶች ስላገኘን እናርማለን። ዓመታቱም ቀኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞልትከ ፕሩሲያ ውስጥ አልተወለደም። በ1800 በመክለንቡርግ ግዛት በፓርሂም ከተማ ተወልዶ ኮፐንሃገን በካዴትነት ሠልጥኗል። ወደ ፕሩሲያ ጦር የተዛወረው የዴንማርክ መኮንን ሆኖ ካገለገለ በኋላ በ1822 ነው።

በ1839 በኒዚብ (ዛሬ ደቡብ ቱርክ) የተሸነፈውን የኦቶማን ጦር «መርቷል» ማለታችንም ልክ አልነበረም። አዛዡ ሃፊዝ ፓሻ ነበር፤ ሞልትከ አማካሪ ነው። የግብጹ ኢብራሂም ፓሻ ጦር በጎን እየዞረ መሆኑን አይቶ፣ ኤፍራጥስ ዳር ቢሬጂክ ወዳለው ምሽግ እናፈግፍግ ብሎ አጥብቆ መከረ። ሃፊዝ እምቢ አለ፤ ሰኔ 24 ቀን ጦሩ ተበተነ። ሽንፈቱን በሞልትከ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከሁሉ የከፋው ሦስተኛው ስህተት ነው። በ1914፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ፈረንሳይ ውስጥ በተካሄደው የማርን ውጊያ ወቅት፣ የጀርመን ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም የነበረው የወንድሙ ልጅ ነው፤ ስማቸው አንድ ስለሆነ አምታተናቸዋል። አጎትየው የኤታማዦር ሹምነት ሥልጣኑን የለቀቀው በ1888፣ የሞተው በ1891 ነው። በ1866 በኬኒግግሬትስ ኦስትሪያን፣ በ1870 በሴዳን ፈረንሳይን የረታው እሱ ነው።