ያላስቀደምነው ልጅ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቁጣው እኔንም ይጨምራል፤ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ነሐሴ ነበር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ሜክሲኮ፣ የጀሞ ታክሲ ሰልፍ። ዝናቡ አባርቶ እንደገና ጀምሯል። ሰልፉ ታጥፎ ታጥፎ የሕንፃው በር ድረስ ደርሷል። እኔ ከፊት አራተኛ ነኝ። ያቺን አራተኛነት ለማግኘት አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜያለሁ።

አንዲት እናት ልጅ ታቅፋ መጣች። ልጁ ዓመት የሞላው አይመስልም። በነጠላ ጠቅልላዋለች፤ ነጠላው ርሷል። በአንድ እጇ ከክሊኒክ የተጻፈላትን ሪፈር ይዛለች። «እባካችሁ አስቀድሙኝ፣ ልጄ መተንፈስ አቃተው» አለች። ለአንድ ሰው አይደለም፣ ለሁላችንም።

ማንም አልመለሰላትም። ከኋላ አንዱ «ሁላችንም እኮ ደክሞናል» አለ። ሌላው «ይቺ ነገር ተነቅቶባታል» አለ። ሳቅ ብጤም ተሰማ። አዎ፣ ወረቀት ዘርግተው፣ ልጅ ታቅፈው የሚለምኑ ብዙ አይተናል።

ሴትየዋ ሰማች። ከዚያ ያደረገችውን ነው መርሳት ያቃተኝ። ነጠላውን ገለጠችው። የታመመ ልጇን በነሐሴ ዝናብ፣ እኛ እንድናምናት ብላ ገለጠችው። ልጁ አያለቅስም። ሲተነፍስ ከጎድኑ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ ነው። ኋላ አንዲት ነርስ ዘመዴን ጠየቅኋት። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ይጠረጠራል፣ ደረቱ ከተሰረጎደማ ቶሎ ሆስፒታል ነው አለችኝ። እኛ ግን ያንን ደረት አይተን ዝም አልን። አንዳንዱ ፊቱን ወደ ስልኩ አዞረ።

ታክሲው መጣ። ገባሁ። የመስኮት ወንበር አገኘሁ።

በመስኮቱ አንድ ሊስትሮ አየሁ። ቢበዛ 13 ዓመቱ ነው። ሳጥኑን ለጓደኛው ጥሎ መንገድ መሀል ገባና ላዳ አስቆመ። ከሹፌሩ ጋር ተከራከረ። ከኪሱ ብር አውጥቶ ሰጠ። ሴትየዋ ገባች፣ ላዳው ሄደ። ሕፃኑ ይትረፍ አይትረፍ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሊስትሮው በስብሶ ወደ ሳጥኑ ተመለሰ። እሱም እኮ ልጅ ነው! የእሱን ሳንባስ ማን ነው የሚጠብቅለት?

መንግሥት የት ነበር ትሉኛላችሁ። ይጠየቅ፣ እኔም እጠይቃለሁ። ሪፈር ጽፎ እናትን ዝናብ ላይ የሚለቅ ክሊኒክም ይጠየቅ። ግን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አይሁንብን። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ መሆኑን አውቃለሁ። ስልኬ እጄ ላይ ነበር። ቲክቶክ እያየሁበት ነበር።

ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ ደኅንነታቸው በቀደምትነት ይታሰብ ይላል። ለተቋማትና ለፍርድ ቤት የተጻፈ ነው፣ ለታክሲ ሰልፍ አይደለም ካላችሁኝ፣ ልክ ናችሁ። ለታክሲ ሰልፍም ይጻፍልን?

እንደ አገር እኮ አቅቶን አያውቅም። በ1982 አካባቢ ከ1000 ሕፃናት 200 ያህሉ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 67 ደርሷል። ይህን ካመጡት መካከል በየገጠሩ ቤት ለቤት በእግራቸው የዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች አሉበት። የሳንባ ምች ክትባትም በ2004 ገብቷል፣ በነፃ ነው የሚሰጠው። ደግሞ 67 ትንሽ አይምሰላችሁ፤ ከ15 ልጅ አንዱ ማለት ነው። አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሕፃን አሳፍሩና ሦስት ጨምሩ። አንዱ አይደርስም።

ያቺ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ዳገት ወጥታ ያተረፈችውን ልጅ እኛ መብራት በሚያንጸባርቅበት አደባባይ እንጥለዋለን። ነግ በእኔ የሚል ሰው ከመካከላችን ጠፋ? ያኔ ከሰልፉ አንድ ሰው ብቻ «ግቢ» ቢላት ሁላችንም ዝም ብለን እናሳልፋት ነበር። ይሄን እርግጠኛ ነኝ። የሚያሳብደኝም ይሄው ነው።

«ተነቅቶባታል» ያለው ሰው እኔ ነኝ።

አሁንም እዚያው ሰልፍ ላይ እቆማለሁ፣ ሌላ መሄጃ የለኝም። ሊስትሮውን ፈልጌ አጣሁት። ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ያዘለች እናት ከሰልፉ ጫፍ ቆማ አየሁ። «እሷ ትቅደም» አልኩ፣ ድምፄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። አንዱ አጉረመረመ። ሁለት ሴቶች ግን ወዲያው መንገድ ለቀቁላት፣ ረዳቱም ከፊት ወንበር ሰጣት። ልጁ ምንም አልሆነም ነበር። ሙዝ እየበላ ነበር።