ጊዜያችሁን ላለመሻማት

እንደ «ጊዜያችሁን ላለመሻማት» የሚያስፈራኝ ቃል የለም። እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ቢያንስ አርባ ደቂቃ ይዞ ነው የመጣው። «ሁለት ነጥብ ብቻ» ካለበት ደግሞ ምሳ ቀረ ማለት ነው።

ባለፈው እሑድ የእድር ስብሰባ ነበረን። ደብረ ብርሃን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ከተማችን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚያ ሰዓት አፍ ሲከፈት ከቃሉ በፊት እንፋሎቱ ይወጣል። አጀንዳው አንድ ነው። የእድሩ ድንኳን ተቀዷል፤ ይሰፋ ወይስ አዲስ ይገዛ?

ሰብሳቢው ማይኩን እፍ፣ እፍ አሉበት። «ሀሎ፣ ሀሎ። ይሰማል?» ሠላሳ ሰው በአንዲት ክፍል ተጨናንቀናል፤ እንኳን ንግግራቸው ትንፋሻቸው ይሰማል። ማይክ ግን ክብር ነው።

የመጀመሪያው ተናጋሪ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የድንኳኑን ነገር ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጀመሩት። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሡ በሰማይ ብርሃን ታይቷቸው ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩ፣ ከተማዋም ስሟን ከዚያ እንዳገኘች አስረዱን። እዚሁ ተወልደን እዚሁ ላደግነው! ከዚያ ወደ አንኮበር ወረዱ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴን አነሡ፣ አወደሱ። ተመለሱና አንጎለላ ላይ አፄ ምኒልክን አዋለዱ። ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ተኩል ሆኗል። እኛ ገና 1836 ዓ.ም. ላይ ነን። ድንኳኑ የተቀደደው ባለፈው መጋቢት ነው።

ተናጋሪን ማማት ቀላል ነው፤ እኛ ሰሚዎቹም ብንሆን ጉዳችን ብዙ ነው። የደጋ ሰው ጋቢ አለው። እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ሲቀመጥ ይስማ፣ ይተኛ፣ ስልኩን ይጎርጉር ማን ያውቅበታል? ከአጠገቤ በተቀመጠው ሰውዬ ጋቢ ውስጥ ሰማያዊ መብራት ቦግ እልም ይል ነበር። የዘርዓ ያዕቆብ ብርሃን እንዳይሆን ብዬ ጠጋ ብዬ አየሁ። ቲክቶክ ነው።

ያልተኛነውም እየሰማን እንዳይመስላችሁ። ተራ እየጠበቅን ነው። የምንለውን በሆዳችን እያነበነብን፣ «ይጨርሱ እንጂ!» እያልን። ለዚህ ነው «ከእኔ በፊት የተናገሩት እንዳሉት» ብለን ሰውየው ጨርሶ ያላሉትን የምንናገረው።

ድሮ በላ ልበልሃ ሲባል እንዲህ አልነበረም። ከሳሽ ሲናገር ተከሳሽ ጆሮውን አቁሞ ይሰማል፤ ካልሰማ ምኑን ይመልሳል? በዚያ ላይ ወርድ አለ። ማር ይያዛል፣ በቅሎ ይያዛል፣ የተረታ ይከፍላል። በቅሎ የተያዘበት ወሬ ላይ ማን ያንቀላፋል? እኔማ በእድራችንም «ጊዜያችሁን ላለመሻማት» የሚል ሁሉ አንድ ኪሎ ማር ያሲዝ ባይ ነኝ። ያንቀላፋም ግማሽ ኪሎ ይጣልበት። በዓመቱ ድንኳኑንም ወንበሩንም እንገዛበት ነበር።

ይህንኑ ልናገር እጄን አወጣሁ። ማይኩ እጄ ገባ። ሳላስበው እፍ አልኩበት።

«ጊዜያችሁን ላለመሻማት...» አልኩ።

ስለ ንግግር ሥነ ምግባር ተናገርኩ። ስለ ማዳመጥ ተናገርኩ። ስለ በላ ልበልሃ ትንሽ ሰፋ አደረግሁት፤ ግጥምም ጣል አደረግሁ። እየሄደልኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ሦስተኛው ነጥቤ ላይ ስደርስ ከኋላዬ የተቀመጡ እናት የጋቢዬን ጫፍ ሳብ አደረጉት።

«ልጄ፣» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይሰፋ ነው የምትለው ይገዛ?»

ማይኩ ክፍት ነበር። ባለ ሰማያዊ መብራቱ ሰውዬ እንኳ አንገቱን ከጋቢው አወጣ።