የመሠረት ጉድጓድ የሚቆጣጠረው የወላጅ ኮሚቴ ነው?

ሰሞኑን እዚህ ጅማ በተካሄደ የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ የተናገሩት ነገር እስካሁን እያብከነከነኝ ነው። ከተማው እየሰፋ በሄደበት አቅጣጫ ለሚሠራው አዲስ ትምህርት ቤት ሳይት ላይ የሚውል ተቆጣጣሪ መሐንዲስ እንደማይቀጠር አስታወቁ። ለአማካሪ ይከፈል በነበረው ገንዘብ ተጨማሪ መማሪያ ክፍል ይሠራበታል፣ ቁጥጥሩን የወላጅ ኮሚቴው ይይዘዋል፣ ልጁ የሚማርበትን ቤት ከወላጅ አብልጦ የሚጠብቅ የለም አሉ። አዳራሹም አጨበጨበላቸው።

ወላጅ ለልጁ ይሳሳል፤ ይህን ማንም አይክድም። መሳሳት ግን የኮለም (የምሰሶ) ፌሮ በዲዛይኑ ልክ መታሰሩን አያሳይም። ኮሚቴው ውስጥ ያሉት ቡና ነጋዴ፣ የባጃጅ ሾፌር፣ ልብስ ሰፊ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የተራገፈውን ሲሚንቶ በከረጢት ቆጥረው ይረከባሉ፤ በዚህ አልጠራጠራቸውም። ከዚያ ሲሚንቶ ስንቱ ድብልቁ ውስጥ እንደገባ፣ ሠራተኛው እንዲቀለው ብሎ ስንት ባልዲ ውኃ እንደጨመረ፣ ኮንክሪቱ በቫይብሬተር ይጠቅጠቅ በአካፋ ይገፍተር ማን ያያል? እነሱ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ጨርሰው ሲመጡ ሐሙስ የተሞላው ኮንክሪት ደርቋል። ተቋራጩ እየዞረ ያስጎበኛቸዋል፣ ሻይ ይጋብዛቸዋል፣ እነሱም ቃለ ጉባኤ ላይ ይፈርማሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ፋይል ውስጥ የሚገኘው ፊርማ የእነሱ ነው። ኃላፊው የወላጅን ፍቅር ያወደሱት ተጠያቂነቱን ከራሳቸው ትከሻ ለማውረድ ነው ብዬ አምናለሁ።

በዚሁ ከተማ የማውቀው አንድ ትምህርት ቤት አለ። ከመስኮቱ ማዕዘን የተነሳ ስንጥቅ በሰያፍ ወርዶ ወለሉ ድረስ ደርሷል። እርሳስ ይገባበታል፤ ልጆቹ ከደብተር ገንጥለው የጠቀለሉትን ወረቀት ይወትፉበታል። በየዓመቱ ነሐሴ መጨረሻ ላይ በልስን ይደፈንና ቀለም ይቀባል፤ ጥር ላይ ተመልሶ አፉን ይከፍታል። በሩ ወለሉን ስለሚነካ መምህርቷ በትከሻቸው ገፍተው ነው የሚከፍቱት። ልስንና ቀለም በየዓመቱ ሲገዛ አይቻለሁ፤ መሠረቱን ቆፍሮ ያየ ሰው ግን አላየሁም።

ምክንያቱ ከመሬት በታች ነው። ወደ ጅሬን ሽቅብ ሲወጡ የሚያገኙት ቀይ አፈር ነው፤ ወደ አዌቱ ወንዝ ዳርና ወደ ቦዬ ረግረግ ዝቅ ሲሉ ጥቁሩ ይመጣል። ጥቁር አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በላዩ ያረፈውንም ሕንፃ አብሮ ያነሳል፣ ያወርዳል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ ክረምቱ ወጥቶ በጋው ሲገባ ደግሞ መሬቱ ይሰነጣጠቃል። ይህ እየተፈራረቀ አንዱን የሕንፃ ጥግ ከሌላው አብልጦ ሲያንቀሳቅስ ነው ግድግዳው በሰያፍ የሚቀደደው። ኃላፊው ዲዛይኑ በሌሎች ከተሞች ተሠርቶበት ታይቷል ብለዋል። የጣሪያውና የመስኮቱ ዲዛይን በሌላ ከተማ ሊታይ ይችላል። የእኛ አፈር ግን የሚታየው እዚሁ ነው፤ ከአንድ ብሎክ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ እንኳ አንድ ላይሆን ይችላል። የአፈር ምርመራ የሚደረገው ከጥቂት ጉድጓዶች በተወሰደ ናሙና ነው። ጥቁሩ አፈር ተዝቆ ወጥቷል? ቁፋሮው ጠንካራው አፈር ላይ ደርሷል? በምትኩ የሚገባው ሰሌክት ማቴሪያል (የተመረጠ አፈር) በንብርብር ተጠቅጥቋል ወይስ በአንዴ ተገልብጧል? ይህን የሚወስነው ጉድጓዱ ክፍት እያለ አፋፉ ላይ ቆሞ "አይሆንም፣ ጨምሩ፣ ቆፍሩ" ማለት የሚችል ሰው ብቻ ነው። ከተሞላ በኋላ ማንም አያየውም።

በዚህ ላይ ወቅቱ አለ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ከዚያ የጨረታ ሰነድ፣ ማስታወቂያ፣ ግምገማ፣ ቅሬታ፣ ውል፣ የሳይት ርክክብ ሲባል መጋቢት ይደርሳል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቁ ጊዜ ቢሮ ውስጥ አልቋል ማለት ነው። ቁፋሮ የሚጀመረው ዝናቡ ሲጀምር ነው፣ መስከረም ላይ ደግሞ ልጆች መግባት አለባቸው። ጉድጓዱ ሌሊት ውኃ ይሞላል፣ ጠዋት ከሥሩ ጭቃ አለ። ያንን ጭቃ ጠርጎ አውጥቶ ደረቅ አፈር ላይ መድረስ ለተቋራጩ ኪሳራ ነው፤ የሚያስገድደው ከሌለ ብላይንዲንጉን፣ ከመሠረቱ ሥር የሚነጠፈውን ስስ ኮንክሪት፣ ጭቃው ላይ ያፈሰዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የአፈር ምርመራውና ዲዛይኑ ባለፈው ዓመት ያላለቁት ለምንድን ነው? ከተማው ወዴት እየሰፋ እንደሆነ ቦታ የሚመራው መሥሪያ ቤት ከማንም በፊት ያውቃል። የት ሰፈር ስንት ልጅ እንደሚመጣ ለማወቅ ምዝገባ ቀን ሰልፉን ማየት አያስፈልገውም።

ሕጉም የሚለው ሌላ ነው። የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልበትን ሕንፃ የመደበው በከፍተኛው ምድብ፣ በምድብ "ሐ" ነው፤ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ካላቸው ሕንፃዎች ጋር ማለት ነው። ባለ አንድ ፎቅ ነው፣ ቀላል ሥራ ነው የሚል ማመካኛ እዚህ ቦታ የለውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ በቁጥር 3039 ተቋራጩን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል፤ ጉዳቱ የደረሰው ሥራው ከተሠራበት አፈር ጠባይ የተነሳ ቢሆን እንኳ። ይህን የመሰለ ዋስትና በእጃችን ይዘን በየክረምቱ ልስን የምንገዛው ማስረጃ ስለሌለን ነው። የሳይት መዝገብ የለም፣ በ28 ቀኑ ጥንካሬው የሚለካው የኮንክሪት ናሙና (ኪዩብ) ውጤት የለም፣ ጉድጓዱ ስንት ሜትር እንደወረደ የጻፈ የለም። እነዚህን ወረቀቶች የሚያስቀምጠው አሁን አያስፈልግም የተባለው መሐንዲስ ነው። ኪዩቡን የወላጅ ኮሚቴው ሊያስመረምር ነው?

ስለ ተጨማሪዋ ክፍል ብዙ ማለት አያስፈልግም። አምስት ክፍል ሠርቶ ሦስቱን መዝጋት አራት ከመሥራት ያንሳል።

ሕዝቡ ይሳተፍ፤ "ትምህርት ለትውልድ" በሚል ንቅናቄ የተዋጣው ብር ብዙ ትምህርት ቤት ላይ አጥርና ዴስክ ሆኗል፣ ይህ የሚያስመሰግን ነው። ወላጅ ሲሚንቶ ይቁጠር፣ ዘበኛ ይሁን፣ ይጠይቅ። ነገር ግን ያዋጣ ሰው ባዋጣው ልክ ባለሙያ ይገባዋል፤ ገንዘቡንም ሰጥቶ ኃላፊነቱንም ይሸከም ማለት በደል ነው።

ለዚህ ሳይት ገና ጊዜ አለ። ቁፋሮው ተጀመረ እንጂ ኮንክሪት አልፈሰሰም። መሐንዲስ ይመደብ፣ ስሙና የአፈር ምርመራው ውጤት በፕሮጀክቱ ታፔላ ላይ ይጻፍ፤ ጉድጓዱን አይቶ በመዝገብ ላይ ሳይፈርም አንድ በርሜል ኮንክሪት አይግባ፤ መሐንዲስ አይቀጠርም የተባለው ውሳኔም ይሻር። ኮሚቴው ውስጥ ያላችሁ ወላጆችም እስከዚያ ድረስ ምንም ወረቀት ላይ አትፈርሙ።