የገዳዩ ሃይማኖት ሲጠየቅ

ኦስሎ ውስጥ ሐበሻ ለክርስትናም ለልደትም ሲሰበሰብ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ላይ ይወድቃል፦ ለዚህ ሁሉ ሽብር ተጠያቂው እስልምና ነው ወይስ አይደለም? «መጽሐፋቸው ነው የሚያዛቸው» የሚል አይጠፋም። «ሃይማኖት ምን አደረገ፤ ፖለቲካ ነው» የሚልም አለ። እኔ ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ኦርቶዶክስ ነኝ። ሁለተኛው መልስ ጎዶሎ ይመስለኛል፤ የመጀመሪያው ግን ያንገበግበኛል። የምንኖርበት አገርም የመጣንበት ከተማም ይህ ክስ እንዴት እንደሚያዳላ አሳይተውናልና።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 22 ቀን 2011 ኦስሎ መሀል፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደጃፍ ላይ ቦምብ ፈነዳ። አጥፊው ከመታወቁ በፊት ብዙ ሰው ጣቱን ወደ ሙስሊሞች ቀሰረ፤ መንገድ ላይ የተሰደቡና የተንገላቱ ነበሩ። የተያዘው ግን አንደርስ ቤሪንግ ብሬቪክ የተባለ ኖርዌያዊ ነው። በከተማውና በኡቶያ ደሴት 77 ሰው ገደለ፤ አብዛኞቹ ደሴቲቱ ላይ ለፓርቲያቸው የበጋ ስብሰባ የመጡ ወጣቶች ነበሩ። ባሰራጨው ረጅም ጽሑፍ ራሱን የክርስቲያን አውሮፓ ጠባቂ አድርጎ ነበር ያቀረበው። ከዚያ በኋላ አገሩ የተከራከረው ሰውዬው ጤነኛ ነው ወይስ የአእምሮ ሕመምተኛ በሚል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች ታማሚ ነው አሉ፤ ሁለተኛዎቹ ጤነኛ ነው አሉ፤ ፍርድ ቤቱም በ2012 ጤነኛ ነው ብሎ ፈረደበት። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደውን ጎረቤቴን «እምነትሽ ይህን ያስተምራል ወይ?» ብሎ የጠየቃት ሰው አላየሁም። መጠየቅም አልነበረባትም።

ወደ ጎንደር ልምጣ። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበር፤ ፋሲካ በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ለሙስሊሙ ደግሞ ረመዳን። የአንድ ሼህ ቀብር ላይ የተሰበሰበ ሕዝብ ጥቃት ደረሰበት። የክልሉ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት ከ20 በላይ ሰው መሞቱን ተናገረ። መስጊዶች ተቃጠሉ፣ ንብረት ተዘረፈ። ወዲያው ደግሞ በስልጤ ዞን አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ።

ያን ሰሞን እዚህ የሰማሁት እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። ስለ ጎንደሩ «ጥቂት ጽንፈኞች ናቸው»፣ «የሦስተኛ ወገን እጅ አለበት»፣ «ኦርቶዶክስ እንዲህ አያስተምርም» ተባለ። ስለ ስልጤው፣ በዚያው አፍ፣ «እነሱማ ድሮም ሃይማኖታቸው ነው» ተባለ። ኦርቶዶክስ እንዲህ እንደማያስተምር እኔም እመሰክራለሁ። ታዲያ ጎንደር ውስጥ የአዲስ ዓለም ሰፈሩ ሙስሊም ሌላ አገር ስለሚያርዱ ሰዎች ይህንኑ ቃል ስለ እምነቱ ሲናገር ለምን አናምነውም?

የጎንደሩ ጠብ የተነሳው ከመቃብር ቦታ ነው፤ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ከሚጎራበቱበት፣ ሲያወዛግብ ከኖረ መሬት። የመሬት ነገር ጎንደር ላይ ሥሩ ሩቅ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲሰፍር አዘዙ፤ አዲስ ዓለም የሙስሊም ሰፈር ሆኖ የኖረው ከዚያ ወዲህ ነው። ርስት ስለማይፈቀድለት ሙስሊሙ በንግድና በሽመና ኖረ። እንዲያም ሆኖ ሰዉ ተከባብሮ አድሯል። ክርስቲያኑ ሲድር ለሙስሊም እንግዶቹ የሚሆነውን በግ ሙስሊም ጎረቤቱ እንዲያርድለት ይጠራል፤ መብሉም ለብቻው ይሠራል። ይህንን ማንም እንደ መራራቅ አይቆጥረውም፤ ክብር ነው። ቂምም ግን አለ፤ አልዋሽም። አንዱ ቤት ድርቡሽ፣ የሱዳኑ የማህዲ ሙስሊም ጦር፣ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ማቃጠሉን ለልጁ ያወርሳል። ሌላው ቤት ደግሞ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎን ሙስሊም በግድ ክርስትና ማስነሳታቸውን ያወርሳል። ሁለቱም የሆነ ነገር ነው። በየስልካችን እየገባ ይህንን ቂም የሚቆሰቁስ ሰባኪ ባይኖር፣ የመቃብር ወሰን ክርክር በሽማግሌ ያልቅ ነበር ብዬ አምናለሁ።

«ሃይማኖት ምን አደረገ» የሚለውን ጎዶሎ ያልሁትም ለዚህ ነው። ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይኤስ ሊቢያ ውስጥ 30 ገደማ ወገኖቻችንን ሲገድል በእስልምና ስም እየተናገረ ነበር፤ ያንን አልሰማንም ማለት አንችልም። ግን ያን ንባብ ውድቅ አድርጎ ወጣቱን ከመንገዱ ሊመልሰው የሚችለው ማን ነው? እኔ ብመክረው አይሰማኝም፤ ፖሊስም የሚደርስለት ከረፈደ ነው። ኪታቡን የሚያውቅ፣ ልጁም የሚያከብረው ሼህ ግን ይችላል። እኛ ደግሞ ያንኑ ሼህ «አንተም ያው ነህ» እንለዋለን። ሊቢያ ለተገደሉት አዲስ አበባ ቂርቆስ ለቅሶ ሲቀመጥ ሙስሊም ጎረቤቶች አብረው አልቅሰዋል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2017 ሞቃዲሾ ላይ በአንድ የጭነት መኪና ቦምብ ከ500 በላይ ሰው ሲያልቅ የሞቱት ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙስሊሞች ነበሩ። እምነቱ ራሱ ነው የሚገድለው የሚል ሰው እነዚህን ሟቾች የት ሊያስቀምጣቸው ነው?

በኛም ወገን ሥራው ያው ነው። በመስጊድ ቃጠሎ እጁ ያለበትን ልጅ ሊገሥጸው የሚችለው የንስሐ አባቱ ነው፤ ሙስሊሙ አይደለም። ቄሶቻችን ስለዚያ ማክሰኞ በዐውደ ምሕረት፣ ሳያድበሰብሱ እንዲናገሩ እፈልጋለሁ።

ለተቃጠሉት አብያተ ክርስቲያናት እዚህ ገንዘብ ሲሰበሰብ ሁሉም እንደ አቅሙ አዋጣ። ለጎንደር መስጊዶች ግን ከኛ ከክርስቲያኖቹ መካከል መዝገብ ያዞረ አልነበረም። ከተማው ከተማችን ነው፤ የተቃጠሉትም በኛ ስም ነው። መዝገቡ ይከፈት፤ የመጀመሪያውን እኔ እሰጣለሁ።