ገምጋሚው የጻፈው የማን ነው?

በ1936 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አልበርት አንስታይን ከረዳቱ ከናታን ሮዝን ጋር የጻፈውን ጥናት «ፊዚካል ሪቪው» ለተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላከ። ድምዳሜው የስበት ሞገድ የሚባል ነገር የለም የሚል ነበር። አዘጋጁ ጆን ቴት ጽሑፉን ስሙ ላልተገለጸ የሙያ ሰው አስመርምሮ አሥር ገጽ ያህል አስተያየት መለሰለት። አንስታይን ተቆጣ። የላክሁላችሁ እንድታትሙት ነው፤ ሳይታተም ለሌላ ሰው አሳዩት አላልኳችሁም ብሎ ጽሑፉን አስመለሰና ለሌላ መጽሔት ሰጠው። ሲታተም ግን ድምዳሜው ተገልብጦ ነበር፤ ስሕተቱ በመካከል ታውቆ ታርሟል። ያ ስም የለሽ ገምጋሚ ልክ ነበር። የስበት ሞገድም በ2015 በመሣሪያ ተያዘ።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ አንስታይንም ይሳሳታል ብለው ይስቁና ያልፋሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን አሥሩ ገጽ ነው። የጻፈው የፊዚክስ ሊቁ ሃዋርድ ፐርሲ ሮበርትሰን መሆኑ በመጽሔቱ የድሮ መዝገብ ተረጋግጦ በአደባባይ የተነገረው በ2005 ነው። ሰውየው ከሞተ 44 ዓመት አልፎታል። የዘመኑን ትልቁን ሳይንቲስት ያረመ ጽሑፍ ሰባ ዓመት ያህል በአንድ መጽሔት ቤት መሳቢያ ውስጥ ተኛ ማለት ነው። ለምን? ባለቤቱ መጽሔቱ ስለነበረ።

ዛሬም እንደዚያው ነው። እንደ ብዙ የአገሬ መምህራን እኔም በሁለቱም ወገን ቆሜ አይቻለሁ። አንድ ጽሑፌ ስሙን በማልጠራው ጆርናል ዘንድ አሥራ አራት ወር ከቆየ በኋላ «ለመጽሔታችን አይመጥንም» ከምትል ሁለት መስመር ጋር ተመልሶልኛል። ያንን ያህል ጊዜ ማን እንዳነበበው፣ ጨርሶ ተነቦ እንደሆነም፣ የማውቅበት መንገድ የለኝም። በሌላ ወገን ደግሞ ቅዳሜና እሑዴን ሠውቼ ለሰዎች ጽሑፍ አራትና አምስት ገጽ አስተያየት ጽፌያለሁ። በሦስተኛው ቀን ከኮምፒውተር የተላከ የምስጋና ኢሜይል ይደርሰኛል፤ ከዚያ በኋላ ጽሑፌ የት እንደገባ አላውቅም። ደራሲው ተቀብሎት ይሁን ንቆት፣ አዘጋጁ አንብቦት ይሁን አልፎት፣ እሱን የሚያውቅ አሳታሚው ብቻ ነው።

(ጽሑፍን ሳይታተም በሙያው ሰዎች ማስመርመርን «የአቻ ግምገማ» ይሉታል። ግምገማ የሚለው ቃል ራሱ ለእኛ ሰው ጣጣ አለው። በዕድሜ ገፋ ያለ አንባቢ «የአቻ ግምገማ» ሲባል መጀመሪያ የሚመጣለት ሒስና ግለ ሒስ የሚቀርብበት የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ነው። ሌላ ቃል ቢገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ እስኪገኝ በዚሁ እንቀጥል።)

ነገሩ የጥቂት ሰዎች ቅሬታ አይደለም። በ2021 የወጣ አንድ ጥናት የዓለም ተመራማሪዎች በ2020 ብቻ ለግምገማ ያጠፉትን ጊዜ ከ100 ሚሊዮን ሰዓት በላይ አድርጎ ገምቶታል። በአብዛኛው ያለ ክፍያ ነው። ያንን ሁሉ ድካም የሚሰበስቡት ጥቂት ትልልቅ አሳታሚዎች ናቸው፤ ከፍ ካሉት መጽሔቶች አንዱ የሆነው «ኔቸር» ጽሑፍን ለሁሉም አንባቢ ክፍት አድርጎ ለማተም በ2020 መጨረሻ ያስታወቀው ዋጋ 9,500 ዩሮ ነበር። በዝግ በር የሚሠራው ይህ አሠራር ጥራትን ጠብቆ ቢሆን አንድ ነገር ነበር። ዋይሊ የተባለው አሳታሚ በ2021 ሂንዳዊ የሚባለውን ድርጅት በ298 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ብዙም ሳይቆይ ጽሑፍ እያመረቱ የሚሸጡ ቡድኖች በልዩ እትሞች በኩል ሰርገው ገብተው፣ ግምገማውንም እርስ በርስ እየተላላኩ ሲያጸድቁት እንደኖሩ ታወቀ። በ2023 ብቻ ከ8,000 በላይ ጽሑፎች ተሰረዙ፤ የሂንዳዊ ስምም ከገበያ ወጣ። የእነዚያ ጽሑፎች ግምገማ በአደባባይ ቢሆን ኖሮ፣ ያው አስተያየት በሃያ ጽሑፍ ሥር ተገልብጦ መለጠፉን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በለየው ነበር።

እንግዲህ «ያልተማከለ ቴክኖሎጂ» የሚሉት ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቃሉ ሲነሳ ሰው ወዲያው ወደ ቢትኮይን ይሄዳል። እኔ የምለው ከዚያ በጣም ያነሰና ያረጀ ነገር ነው። ሦስት ብልሃት ብቻ ነው።

አንደኛው ኮምፒውተሩ ከአንድ ፋይል ይዘት ተነስቶ የሚያወጣው የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው፤ ሃሽ ይሉታል። ከጽሑፉ አንዲት አራት ነጥብ ብታጠፉ ድርድሩ እንዳለ ይለወጣል። ስለዚህ «እኔ ያነበብኩት ይህን ቅጂ ነው» ማለት ይቻላል፤ ደራሲው በኋላ ቢያሻሽለው ግምገማው የትኛውን ቅጂ እንደሚመለከት አያከራክርም። ሁለተኛው ዲጂታል ፊርማ ነው። ፊርማውን የሚያወጣው ምስጢራዊ ቁጥር፣ ቁልፍ የሚሉት፣ በገምጋሚው እጅ ብቻ ስላለ፣ ጽሑፉ የእሱ መሆኑን ለማረጋገጥ ማንም አሳታሚ ምስክር ሆኖ መቆም የለበትም። ሦስተኛው ብዙ ቅጂ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 ሊነክስ ለተባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ሥራ ብሎ የሠራው ጊት የተባለ ሶፍትዌር እንዲህ ነው የሚሠራው፦ እያንዳንዱ ተሳታፊ የሥራውን ሙሉ ታሪክ፣ ማን መቼ ምን እንደቀየረ ጭምር፣ በራሱ ኮምፒውተር ይይዛል። ማዕከሉ ቢጠፋ ሥራው አይጠፋም። በነገራችን ላይ ያንኑ ጊት ሁሉም ሰው ወስዶ ጊትሃብ የሚባል አንድ ቤት ውስጥ አስቀመጠውና ማይክሮሶፍት በ2018 ቤቱን በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። መሣሪያው ያልተማከለ ሆኖ ሰዉ ራሱ ሊያማክለው እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ብሎክቼይኑስ፣ ቢትኮይን የቆመበት የጋራ መዝገብ? ለአንድ ጉዳይ ይጠቅማል፤ የማይተማመኑ ሰዎች ማን እንደቀደመ እንዲስማሙ። ሐሳቤን ሰረቁኝ የሚል ተመራማሪ የጽሑፉን ሃሽ በቀን አስመዝግቦ ቢያስቀምጥ ይረዳዋል። ለቀረው የዕለት ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ጊትና ፊርማ ይበቃሉ።

እዚህ ላይ ስለ ብራናዎቻችን ሳላነሳ ማለፍ አልቻልኩም። «ሁሉን እኛ ቀድመን አውቀነዋል» የሚል ጽሑፍ ያሰለቸኛል፤ ይህ እንደዚያ እንዳይመስልብኝ። ግን መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ እስኪገባ ድረስ የአውሮፓ ሊቃውንት የሚያውቁት ቁርጥራጩን ነበር። ያተረፈው በየገዳሙ ተቀምጦ የገለበጠው ጸሐፊ ነው፤ አንዱ ደብር ቢቃጠል ሌላው ጋ አለ። ይበልጥ የሚገርመኝ ደግሞ አንድምታው ነው። በጉባኤ ቤት መምህሩ ንባቡን ካለ በኋላ አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው እያለ ይሄዳል። የላይ ቤቱና የታች ቤቱ ትርጓሜ ሲለያይ ልዩነቱ ይነገራል እንጂ አንዱ ሌላውን አያስደመስስም። ተማሪው ንባቡንም ክርክሩንም ይዞ ይወጣል። የዛሬው ጆርናል የሚሰጠን ንባቡን ብቻ ነው። ክርክሩ መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል።

ክርክሩን ከንባቡ ጋር የማውጣት ሙከራ በሌላው ዓለም ተጀምሯል። በ2017 በፈረንሳይ የተጀመረው «ፒር ኮሚዩኒቲ ኢን» ተመራማሪዎች ራሳቸው ተሰባስበው በአርካይቭና በመሳሰሉት ማከማቻዎች የተለጠፉ ቅድመ ኅትመቶችን በነጻ የሚገመግሙበትና፣ የተቀበሉትን ከነግምገማው የሚያወጡበት ነው። ጽሑፉ አንድ ቦታ፣ ግምገማው ሌላ ቦታ፣ ፍርዱ ሦስተኛ ቦታ ሊቀመጥ ይችላል፤ ሦስቱን በአንድ ግቢ የሚቆልፍ የለም። እኔ ያልተማከለ የምለው ይህንን ነው።

አሁን ከባዱን ተቃውሞ ላንሳ። «ይህ ለፈረንሳይ ነው፤ እኛ ጋ ይሉኝታ አለ» ይሉኛል ባልደረቦቼ። እውነታቸውን ነው። በአንዳንድ የትምህርት ዘርፍ በአገሪቱ ያሉት ሰዎች ተቆጥረው ይታወቃሉ። አንዱ የሌላው አማካሪ ነበር፤ አንዱ በሌላው ልጅ ሠርግ በልቷል። የአንድን አንጋፋ ፕሮፌሰር ስሌት ስሕተት ነው ብሎ ስሙን ጽፎ የሚፈርም ረዳት ፕሮፌሰር ነገ ዕድገቱ በዚያው ሰው ፊት እንደሚቀርብ ያውቃል። ስለዚህ ስሙን አስፈርመን ግምገማውን እናውጣ ብንል የሚወጣው ምስጋና ብቻ ነው። «እጅግ ግሩም ሥራ ነው፤ ጥቂት የፊደል ግድፈቶች ቢታረሙ» የሚል ግምገማ ቀድሞውንም ሞልቶናል።

መልሱ ያለው በዚያው ቁልፍ ውስጥ ነው። ፊርማ የግድ የመታወቂያ ስም አይደለም። ገምጋሚው በአንድ የብዕር ስም፣ በአንድ ቁልፍ፣ ለአሥር ዓመት ሊጽፍ ይችላል። ሰዉ ማንነቱን አያውቅም፤ ግን ያ የብዕር ስም ምን ያህል ጽሑፍ እንዳነበበ፣ ምን ያህል እንደተጠነቀቀ፣ ስንቴ ልክ እንደወጣለት ከመዝገቡ ያያል። ከፈለገ፣ ጡረታ ሲወጣም ይሁን ዕድገት ሲጠይቅ፣ በዚያው ቁልፍ ፈርሞ «እኔ ነኝ» ሊል ይችላል። ሮበርትሰን እንዲህ ያለ ቁልፍ ቢኖረው ኖሮ መቼ እንደሚናገር ራሱ በመረጠ ነበር። ችግሩ ሁሉ ይፈታል አልልም፤ ጠባብ በሆነ ሙያ ሰው በአጻጻፉም ይታወቃል፣ አዘጋጁም የብዕር ስሙ በእርግጥ የሙያው ሰው መሆኑን አንድ ጊዜ ማጣራት ይኖርበታል። ከአሁኑ ግን ይሻላል። አሁን ስሙም ሥራውም አብረው ነው የሚደበቁት።

የማልስማማው ከሳንቲም ሰዎች ጋር ነው። ለእያንዳንዱ ግምገማ በዲጂታል ሳንቲም እንክፈል የሚሉ አሉ፤ የክሪፕቶ መገበያያው የኮይንቤዙ ብራያን አርምስትሮንግ ካቋቋሟቸው አንዱ የሆነው «ሪሰርችሃብ» የራሱ ሳንቲም አለው። የገምጋሚው ድካም ዋጋ ይኑረው ማለታቸውን አደንቃለሁ። ነገር ግን በቁጥር የሚከፈልበት ነገር በቁጥር ይበዛል፤ ሂንዳዊን ያፈረሰው ያው ነው፣ የዕድገት ነጥብ በወረቀት ብዛት መቆጠሩ። ግምገማም በሳንቲም ሲቆጠር የግምገማ ፋብሪካ ይከፈታል፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘመን ደግሞ አምስት ገጽ «አስተያየት» ማውጣት የደቂቃ ሥራ ነው። ለእኛ ሰው ሌላም ነገር አለ፦ ብሔራዊ ባንክ በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕጋዊ አለመሆኑን አስታውቋል። የአዲስ አበባ መምህር በሳንቲም ይከፈለው ማለት ቀልድ ነው።

ይልቅ ከገንዘብ በፊት የሚመጣው ቆጣሪው ነው። «ኢላይፍ» የተባለው የታወቀ መጽሔት በ2023 ተቀብያለሁ፣ አልቀበልም ማለቱን ተወ፤ ለግምገማ የላከውን ሁሉ ከነግምገማው ያወጣል፣ አዘጋጆቹም ማስረጃው አሳማኝ ነው ወይም ያልተሟላ ነው ብለው ይጽፉበታል። ግሩም ነበር። ነገር ግን የመጽሔቶችን ደረጃ የሚያሰላው ክላሪቬት በሚቀጥለው ዓመት «በዚህ ዓይነት አልቆጥርህም» አለውና የተጽዕኖ ነጥቡን፣ ጽሑፎቹ ምን ያህል እንደሚጠቀሱ የሚለካውን ቁጥር፣ አጣ። ቴክኖሎጂው አልወደቀም፤ የቆጣሪው መዝገብ አልተቀየረም። እኛ ጋ ደግሞ ቆጣሪው ሩቅ አይደለም። በየዩኒቨርሲቲው ያለ የደረጃ ዕድገት ኮሚቴ ነው፤ አባላቱን በስማቸው እናውቃቸዋለን፣ ቡና እንጠጣለን።

መሠረቱ ደግሞ ግማሽ መንገድ ተሠርቷል። በ2019 ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የወጣው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት በዩኒቨርሲቲውና በብሔራዊው ዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጥ ያዛል። ጽሑፉን የተቀበለ ማከማቻ ግምገማውን ከጎኑ ለመቀበል አዲስ ሕግ አያስፈልገውም፤ አንድ ዓይነት ፋይል መጨመር ነው። ማከማቻዎቹ እርስ በርስ ቅጂ ቢለዋወጡ ደግሞ ሌላ ሕመማችንንም ያስታግሳል። ትግራይ ከኅዳር 2020 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ከኢንተርኔት ተቆርጣ ኖራለች፤ በአማራ ክልልም ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ጠፍቷል። ሁሉ ነገሩ አምስተርዳም ባለ ሰርቨር ላይ ያለ ጆርናል ለእንዲህ ያለ ቀን አይሆንም። በጊቢው ኔትወርክ ላይ ሙሉ ቅጂ ያለው መምህር ግን ማንበብም መገምገምም ይችላል፤ መስመሩ ሲመለስ የጻፈው ከሌሎቹ ጋር ይዋሐዳል፣ ፊርማውና ሃሹም ማን ምን እንደጻፈ ይናገራሉ። በውጭ ያሉ የእኛ ምሁራንም፣ ከቦስተንም ሆነ ከስቶክሆልም፣ በዚያው መዝገብ ላይ ቢጽፉ የማንንም አሳታሚ በር ማንኳኳት አይኖርባቸውም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጆርናል ጽሑፍ ላከልኝ። ከግብዣው ሥር እንደተለመደው ግምገማው ምስጢር ሆኖ የሚቆይና የጆርናሉ መሆኑን የሚገልጽ አንቀጽ አለ። ከመቀበሌ በፊት አንድ ጥያቄ ላክሁ፦ ጽሑፉ ቢታተምም ባይታተምም ደራሲዎቹ ከፈቀዱ፣ የምጽፈውን ፈርሜበት በዩኒቨርሲቲዬ ማከማቻ ላስቀምጠው እችላለሁ? አዘጋጁ ባለጌ ሰው አይደሉም፤ በማግሥቱ መለሱ። እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎ የጠየቀን የለም፣ የኤዲቶሪያል ቦርዱን ላማክር አሉኝ። እየጠበቅሁ ነው። ጽሑፉን ግን ማንበብ ጀምሬያለሁ፤ ሁለተኛው ሠንጠረዥ ላይ የመደመር ስሕተት አለ።